ከቤት የተባረረችው ባለሙያ

ሙያ የምትለዋን ቃል ልብ ብላችሁ አይታችኋት ታውቃላችሁ? ሐኪሙ ባለሙያ ነው። መሐንዲሷ ባለሙያ ናት። ዞር እንልና ደግሞ ወጥ የምታሳምረውን ሴት፣ እሷማ ባለሙያ ናት እንላለን። ቃሉ አንድ ነው፤ ክፍያው ግን ለየቅል። የመጀመሪያው ሙያ ደሞዝ አለው፣ ማዕረግ አለው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት አለው። ሁለተኛው እጅሽ ይባረክ ተብሎ ያልቃል። ሳህኑ ይነሳል፣ ሰው ይበተናል፣ ያበሰለችው ሴት ስምም አብሮ ይረሳል።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት እነዚህን ሁለት ሙያዎች አንድ ስላደረገች ሴት ነው። ኡዤኒ ብራዚዬ ትባላለች። ፈረንሳዊት ናት። ከሞተች ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት እየተጠጋት ነው። በ2018 በልደቷ ቀን ጎግል የፍለጋ ገጹን በእሷ ሥዕል አስጊጦ ነበር። ያኔ ስንቶቻችን ይህቺ ደግሞ ማን ናት ብለን እንዳለፍናት እንጃ። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዓለም ላይ በአንድ ጊዜ ስድስት የሚሽሊን ኮከብ የያዘ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። ሦስት በአንዱ ምግብ ቤቷ፣ ሦስት በሌላው። ከእሷ በኋላ ሌላ ሰው ያንን ለመድገም 65 ዓመት ፈጅቶበታል። ይህን ያደረገችው ደግሞ በ19 ዓመቷ ልጅ ታቅፋ ከአባቷ ቤት የተባረረች፣ ትምህርት ቤትን በቅጡ ያላየች የገበሬ ልጅ ናት።

እንዴት ሆነ? ከመጀመሪያው እንነሳ።

ከብት ጠባቂዋ

ኡዤኒ የተወለደችው ጁን 12 ቀን 1895 ነው። ቦታው በምሥራቅ ፈረንሳይ ላ ትራንክሊዬር የምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ናት። ቡር-አን-ብሬስ ለምትባለው ከተማ ቅርብ ናት። የብሬስ አገር በፈረንሳይ ስሙ የሚነሳው በአንድ ነገር ነው፤ በዶሮ። የብሬስ ዶሮ ላባዋ ነጭ፣ እግሯ ሰማያዊ፣ አናቷ ላይ ያለው ደግሞ ቀይ ነው። የአገሪቱን ባንዲራ ቀለም የያዘች ዶሮ ናት ማለት ነው። ይህቺን ዶሮ አትርሷት፤ በኋላ ትመለሳለች።

ልጅቷ ገና በአምስት ዓመቷ አሳማና ከብት ትጠብቅ ነበር። ትምህርት ቤት የምትሄደው በብርዱ ወራት፣ የእርሻ ሥራ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። አሥር ዓመት ሲሆናት እናቷ ሞተች። ከዚያ በኋላ ሰው እርሻ ላይ ተቀጥራ መሥራት ጀመረች። እንዲህ ዓይነቱን ታሪክ ለመረዳት ፈረንሳይ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። እናቷ የሞተችባት፣ በሰው ቤት ያደገች፣ ደብተሯን ያስቀመጠች ልጅ በየሰፈራችን አለች።

በ1914 ኡዤኒ አረገዘችና ወንድ ልጅ ወለደች። ጋስቶን አለችው። አባትየው ሚስት ያለው ሰው ነበር፤ ስለዚህ ሰርግ የለም፣ ሽማግሌ የለም። የዚያን ዘመን የፈረንሳይ ገጠር ለእንዲህ ዓይነቷ ልጅ ምሕረት አልነበረውም። የገዛ አባቷ ከቤት አስወጣት።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። እናት የለም። አባት በሩን ዘግቷል። ባል የለም። ትምህርት የለም። እጇ ላይ ያለው ጨቅላ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ አውሮፓ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ውስጥ ገባች።

ያደረገችው ብዙ የገጠር ልጆች የሚያደርጉትን ነው። ወደ ትልቁ ከተማ ወረደች፤ ወደ ሊዮን። ልጇን በክፍያ ለሚያሳድግ ሰው ሰጥታ፣ እሷ በአንድ ፓስታ አምራች ሀብታም ቤተሰብ ቤት በሠራተኝነት ተቀጠረች። መጀመሪያ ልጅ መያዝ ነበር ሥራዋ። ቤተሰቡ ብርዱን ለመሸሽ ወደ ደቡብ ሲወርድ እሷም አብራ ትሄድ ነበርና ቀስ በቀስ ማብሰሉም እሷ ላይ ወደቀ። ሲያዝዟት የማታውቀውን ምግብ የምታውቅ ሰው ፈልጋ ትጠይቃለች፣ ትሞክራለች፣ ታቀርባለች። የምግብ ትምህርት ቤቷ ይኸው ነው።

የሊዮን እናቶች

ሊዮን በሁለት ትልልቅ ወንዞች መጋጠሚያ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሮን እና ሶን ይባላሉ። ከተማዋ ሀብቷን ያገኘችው ከሐር ሸማ ነው። ሸማኔው፣ ነጋዴው፣ ተሸካሚው ሁሉ መብላት አለበት። እና የሚያበላው ማን ነበር? እናቶቹ።

በፈረንሳይኛ ሜር ማለት እናት ማለት ነው። በሊዮን ግን ቃሉ ሌላም ትርጉም ነበረው። በሀብታም ቤት ወጥ ቤት ሲሠሩ የኖሩ ሴቶች ከዚያ ሲወጡ የራሳቸውን ትንሽ ምግብ ቤት ይከፍቱ ነበር። ሕዝቡ ቤቱን በሴትየዋ ስም ይጠራዋል፤ ሜር እከሊት ጋ እንብላ ይላል። ልክ እኛ እማማ እከሊት ቤት እንደምንለው። ታፔላ ኖረ አልኖረ ሰው ቤቱን አያጣውም።

ከእነዚህ እናቶች መካከል በዚያ ዘመን ስሟ ከሁሉ የገነነው ፍራንስዋዝ ፊዩ ነበረች። የሜር ፊዩ ቤት የምግብ ዝርዝሩ አጭር ነው፤ ዓመት ከዓመት አይቀየርም። ዶሮውን እንግዳው ጠረጴዛ ድረስ ሄዳ በገዛ እጇ ትቆርጥ ነበር። ኡዤኒ እዚህ ቤት ገባችና ዓይኗ ተከፈተ።

ያየችው ምን መሰላችሁ? ሰዎች ከሩቅ አገር የሚመጡት ሃምሳ ዓይነት ምግብ ለመምረጥ አይደለም። አንድ ምግብ ለመብላት ነው። ያቺ ምግብ ዛሬም፣ ከርሞም አንድ ዓይነት ሆና እንደምትጠብቃቸው ስለሚያምኑ ነው የሚመጡት።

ችግሩ ሜር ፊዩ ቀላል ሴት አልነበረችም። ደንበኞች የረዳቷን እጅ ማመስገን ሲጀምሩ ደስ አላላትም ይባላል። በአንድ ወጥ ቤት ሁለት እመቤት አይሆንም። ኡዤኒ ወጥታ ሌላ ምግብ ቤት ተቀጠረች። ከተማዋ ግን እጇን አውቃለች።

12 ቁጥር

ኤፕሪል 19 ቀን 1921 ኡዤኒ ብራዚዬ የራሷን ቤት ከፈተች። አድራሻው ሩ ሯያል በሚባለው ጎዳና 12 ቁጥር ነው። ቀድሞ ግሮሰሪ ነበር። የያዘችው ገንዘብ 12,000 ፍራንክ ነው። ቤቱ የሚያስተናግደው አሥራ አምስት ሰው ብቻ ነበር። ያኔ ገና 25 ዓመቷ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግቦች አንዱ እርግብ ከአተር ጋር ነበር፤ ቀላል የገጠር ምግብ።

በጥቂት ዓመት ውስጥ ቤቱ ጠበባት። ታዋቂ ደንበኞችም አገኘች። ከእነሱ አንዱ ኤድዋር ኤሪዮ ነው፤ ለአሥርት ዓመታት የሊዮን ከንቲባ የነበረና ሦስት ጊዜ የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ ሰው። ከንቲባው የሚበላበት ቤት ሌላው ሹምም፣ ነጋዴውም፣ እንግዳውም ሊበላበት ይፈልጋል። ያለ አንድ ሳንቲም ማስታወቂያ ቤቱ ሞላ።

ታዲያ ምን ነበር የምታበስለው? ከሜር ፊዩ ቤት የወረሰችው ምግብ ነው ስሟን ያስጠራው። ስሙ በአማርኛ ሲመለስ ግማሽ ሐዘን የለበሰች ዶሮ እንደማለት ነው። እኛ ከል የምንለውን ጥቁር ልብስ አስታውሱ። በዚያ ዘመን ፈረንሳይ ሴቶች የሐዘኑ ዋና ጊዜ ሲያልፍ ከሙሉ ጥቁር ወጥተው ጥቁርና ነጭ ይቀላቅሉ ነበር። ዶሮዋም እንደዚያ ናት። ትሩፍል የሚባል፣ ከመሬት ሥር የሚገኝ ጥቁር የእንጉዳይ ዘመድ አለ፤ ዋጋው አይቀመስም። እሱን በስሱ ቆርጣ ከዶሮዋ ቆዳ ሥር ታስገባዋለች። ከዚያ ዶሮዋን በጨርቅ ጠቅልላ ካሮትና ባሮ ሽንኩርት ባለበት መረቅ ውስጥ ቀስ አድርጋ ትቀቅላታለች። ስትወጣ ነጩ ቆዳ ሥር ጥቁሩ ክብ ክብ ሆኖ ይታያል። ዶሮዋ ደግሞ የብሬስ ዶሮ ናት። አትርሷት ያልኳችሁ፣ የትውልድ አገሯ ዶሮ።

ልብ በሉ፤ ይህ ምግብ ጥብስ የለው፣ ቅመም የለው፣ መሸፈኛ የለው። ዶሮዋ መጥፎ ከሆነች ምንም የሚደብቃት ነገር የለም። ስለዚህ ዋናው ሥራ ምድጃው ላይ ሳይሆን ገበያው ላይ ነው።

ገበያ ላይ ደግሞ እሷን የሚያታልል አልነበረም። ጠዋት በማለዳ ተነስታ ራሷ ትመርጣለች። ያልተስማማትን ትመልሳለች። ዶሮ የሚያቀርብላት ሰው፣ ይህቺ ሴት እንዲህ ከቀጠለች ዶሮዎቹን ጥፍራቸውን አሠርቼ ላመጣላት ነው ብሎ ይቀልድ እንደነበር ይነገራል።

ወጥ ቤቷም እንደዚያው ነው። ማቀዝቀዣው በየቀኑ ባዶ ተደርጎ ይጸዳል። የተረፈ ነገር ዝም ብሎ አይጣልም። ምን እንደባከነ ለማየት የቆሻሻ ቅርጫቱን ራሷ ትፈትሽ ነበር። ከሳህን የተመለሰው ለአሳማ ይሰጣል። በአምስት ዓመቷ አሳማ የጠበቀች ልጅ ምግብ ምን ዋጋ እንዳለው አትረሳም።

ተራራው

አሁን አንድ ነገር ልብ እንበል። ይህ ሁሉ ስኬት በነፃ አልመጣም። እንቅልፍ የለም፣ ዕረፍት የለም። ከገበያ ወደ ምድጃ፣ ከምድጃ ወደ ጠረጴዛ ነው። ሰባት ስምንት ዓመት እንዲህ ከሠራች በኋላ ሰውነቷ እምቢ አለ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ የከተማውን ቤት ትታ ማረፍ ነበረባት።

ለዕረፍት የሄደችው ከሊዮን በስተምዕራብ ወዳለው ኮረብታ ነው፤ ኮል ደ ላ ሉዬር ይባላል። ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ የነበራት የእንጨት ጎጆ ነው። ጋዝ የለውም፣ መብራት የለውም። አየሩ ግን ንጹሕ ነው። ዕቅዱ ማረፍ ብቻ ነበር።

ማን ሊያሳርፋት? ሊዮን ያሉ ደንበኞቿ የት ገባች ብለው ጠየቁ፤ ከዚያ መኪናቸውን አስነስተው ተከተሏት። ቅዳሜና እሑድ ሰው ኮረብታው ላይ መውጣት ጀመረ። እሷም እንግዳ ደጇ ቆሞ ዝም ማለት አልቻለችም። ዕረፍቱ ሁለተኛ ምግብ ቤት ሆኖ ቁጭ አለ። አሁን ሁለት ቤት ሆነ፤ አንዱ ከተማ፣ አንዱ ተራራ። ልጇ ጋስቶንም ወደ ሥራው ገባ። ጨቅላ ሆኖ ለሰው የተሰጠው ልጅ አሁን የእናቱን ቤት አብሮ ያስተዳድር ጀመር።

ጎማ ሻጮቹና ኮከቡ

እዚህ ላይ ስለ ሚሽሊን ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ሰው ኮከቡን ያውቃል፣ ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም። ሚሽሊን የመኪና ጎማ ፋብሪካ ነው። በ1900 ባለቤቶቹ አንድ ብልሃት አሰቡ። ሰው መኪናውን ብዙ ከነዳ ጎማው ቶሎ ያልቃል፤ ጎማው ካለቀ አዲስ ይገዛል። ስለዚህ ለሾፌሮች የመንገድ መምሪያ መጽሐፍ አወጡ። የት ይታደራል፣ የት ይበላል፣ መኪና የት ይጠገናል የሚል። በ1926 ጥሩ ምግብ ላላቸው ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመሩ። በ1931 ደግሞ ደረጃውን ወደ ሁለትና ሦስት አሳደጉት። ሦስት ኮከብ ያለው ቤት ማለት ለእሱ ብቻ ተብሎ መንገድ የሚኬድለት ማለት ነው።

አሁን ኮረብታው ላይ ያለውን ጎጆ መልሳችሁ አስቡ። ሰው ከከተማ መኪና አስነስቶ ዶሮ ሊበላ የሚወጣበት ቤት። የጎማ ሻጭ ሕልም ማለት ይኸው አይደል?

በ1932 ሁለቱም ቤቶቿ ሁለት ሁለት ኮከብ አገኙ። በ1933 ሁለቱም ሦስት ሦስት ሆኑ። በአንድ ዓመት፣ በአንዲት ሴት ስም፣ ስድስት ኮከብ። ያን ጊዜ 38 ዓመቷ ነበር። በዚያው ዓመት ሌላም ሴት ሦስት ኮከብ አግኝታለች፤ ማሪ ቡርዧ ትባላለች። የእሷም ቤት ኡዤኒ በተወለደችበት በዚያው በኤን አውራጃ ነበር። ሚሽሊን ገና ከጅምሩ ሴቶችን በከፍተኛው ወንበር ላይ አስቀምጧል ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ።

በነገራችን ላይ ኮከቡ ሲመጣ የምግብ ዝርዝሯን አልቀየረችም። ያቺው ዶሮ ናት። ያው አርቲቾክ ከሰባ ጉበት ጋር ነው። ያው ከዓሣ የሚሠራ ከነል ነው። አዲስ ነገር እየፈለጉ መሯሯጥ የእሷ መንገድ አልነበረም። በእኔ ግምት ያሸነፈችበት ምስጢርም እዚሁ ላይ ነው። አንድን ምግብ አንድ ቀን ማሳመር ብዙ ሰው ይችላል። በሺህ ቀን ሺህ ጊዜ እኩል ማሳመር ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ሙያ ነው።

ላም ያለበው ልጅ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ፈረንሳይ በጀርመን ተያዘች። ቅቤው፣ ሥጋው፣ ዳቦው ሁሉ በራሽን ሆነ። ምግቧን ከቀድሞው ማሳነስ ላልለመደች ሴት ይህ ከባድ ጊዜ ነበር። የምግብ ቁጥጥሩን ደንብ ጥሰሻል ተብላም ተቀጥታለች። ጦርነቱ ሲያበቃ የከተማውን ቤት ለጋስቶን ተወችለትና እሷ ኮረብታው ላይ ቀረች።

በ1946 አንድ የሃያ ዓመት ወጣት ኮረብታውን ወጥቶ ሥራ ጠየቀ። በጦርነቱ ቆስሎ የዳነ፣ ከምግብ ሠሪ ቤተሰብ የተወለደ ልጅ ነበር። ፖል ቦኩዝ ይባላል። ምግብ የምትከታተሉ ልጆች ስሙን ታውቁታላችሁ፤ በኋላ የፈረንሳይ ምግብ አባት እስከመባል የደረሰው ሰው ነው። በስሙ የሚጠራ ዓለም አቀፍ የምግብ ዝግጅት ውድድርም አለ። ምግብ ቤቱ በ1965 ሦስት ኮከብ አግኝቶ እሱ እስኪሞትና ከዚያም በኋላ እስከ 2020 ድረስ ይዞት ቆይቷል።

ታዲያ ኡዤኒ ይህን የወደፊት ዝነኛ ምን አሠራችው መሰላችሁ? ላም አስለበችው። ልብስ አሳጠበችው፣ አስተኮሰችው። አትክልት ቦታ አስቆፈረችው። ምግብ ቤቱ የራሱ ላም፣ የራሱ አሳማ፣ የራሱ ጓሮ ነበረው። ምግብ ማብሰል ከመማርህ በፊት ምግቡ ከየት እንደሚመጣ እወቅ ነው ነገሩ። ቦኩዝ እስኪያረጅ ድረስ ይህን እያነሳ ያመሰግናት ነበር።

ጣፋጭ ሴት ነበረች ብዬ ግን አላታልላችሁም። ኃይለኛ ነበረች። ድምጿ ከወጥ ቤት እስከ አዳራሽ ይሰማል። ረዳቶቿ ይፈሯት ነበር። ማልዳ ትነሳለች፣ ሌላውም ማልዶ እንዲነሳ ትፈልጋለች። ከእሷ ጋር መሥራት ዕረፍት አልነበረም። ግን እሷ የማትሠራውን ሥራ ለሌላ ሰው አልሰጠችም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። የፈረንሳይ መንግሥት ሌዥዮን ዶነር የሚባለውን ትልቁን የአገሪቱን ኒሻን ሊሰጣት ሲል አልቀበልም አለች። እንዲህ ያለ ክብር መሰጠት ያለበት ምግብ ከማብሰልና ምድጃ ከመጠበቅ ለሚበልጥ ሥራ ነው ብላ ታምን እንደነበር ይነገራል። እኔ በዚህ አልስማማም። ትሕትናዋ ደስ ይላል፤ ግን ያው የመጀመሪያው ነገር ይታየኛል። ስድስት ኮከብ ይዛም ቢሆን ሙያዋን ከሙያ አልቆጠረችውም ማለት ነው? ዕድሜ ልኳን ሴት ምግብ ብታበስል ምን ይደንቃል ሲባል የሰማች ሴት፣ ያንን አባባል ከውስጧ ማውጣት ከብዷት ይሆናል።

ስሟን ማን አነሳው?

ጋስቶን በ1974 ሞተ፤ የከተማውን ቤት ልጁ ዣኮት ተረከበችው። ኡዤኒ ብራዚዬ ደግሞ ማርች 2 ቀን 1977 በ81 ዓመቷ አረፈች። የምግብ አሠራሯ ተሰብስቦ በመጽሐፍ የወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ እሷ ግን ታትሞ አላየችውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። በ1998 አላን ዱካስ የሚባል ፈረንሳዊ ታላቅ ሼፍ በሞናኮ ሦስት፣ በፓሪስ ሦስት ኮከብ ያዘ። ዓለም ተደነቀ። ስድስት ኮከብ የያዘ የመጀመሪያው ሰው ተብሎ የተወራለት ቦታም ነበር። የመጀመሪያው! ከእሱ 65 ዓመት በፊት ሁለት ቤት፣ ስድስት ኮከብ ይዛ የቆመች ሴት ነበረች እኮ። የተጻፈ ነገር ነው። የሚሽሊን መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ግን ሰው ረሳው።

በዱካስ አልፈርድም፤ ሰውየው የሠራው ትልቅ ሥራ ነው። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ሰው እንዴት ነው እንዲህ ያለውን ነገር የሚረሳው?

መልሱ ያቺ እናት የምትለዋ ቃል ውስጥ ያለች ይመስለኛል። ወንዱ ሲያበስል ሼፍ ተባለ፤ ነጭ ካፖርት ለበሰ፣ ረጅም ቆብ አደረገ፣ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ መጽሐፍ ጻፈ። ሴቲቱ ስታበስል እናት ተባለች። እናት የሚለው ቃል ፍቅር አለበት፣ ክብርም አለበት። ግን እናት ማብሰሏ እንደ ተፈጥሮዋ ነው የሚታየው። ላም ወተት ሰጠች ብሎ ታሪክ የሚጽፍ የለም። በተፈጥሮ የመጣ የሚመስል ነገር አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበ ደግሞ ይረሳል።

እውነቱ ግን ኡዤኒ ብራዚዬ ምንም ነገር በተፈጥሮ አላገኘችም። ሁሉንም ተማረች። የማታውቀውን ምግብ ሰው እየጠየቀች ተማረች። ዶሮ መምረጥ ተማረች። ሒሳብ መያዝ፣ ሠራተኛ መምራት፣ ደንበኛ ማክበር፣ ኪሳራ መቀነስ ተማረች። የራሷን ልጅ ከራሷ አርቃ እያሳደገች ነው ይህን ሁሉ የተማረችው። ይህ ምድጃ አጠገብ ቆሞ የመገኘት ዕድል አይደለም። የንግድ ሥራ ነው፣ የአመራር ሥራ ነው፣ የዕድሜ ልክ ትምህርት ነው።

ደስ የሚለው ነገር ዘግይቶም ቢሆን ስሟ እየተመለሰ ነው። ሩ ሯያል 12 ቁጥር ያለው ቤት ዛሬም በስሟ ይጠራል። በ2008 ማቲዩ ቪያኔ የሚባል ሼፍ ገዝቶ መልሶ አቆመው፤ በማግሥቱ ዓመትም ሁለት ኮከብ አገኘ። በስሟ የሚሰጥ የምግብ መጻሕፍት ሽልማትም አለ። ከአባቷ ቤት የተባረረች ልጅ የከፈተችው ቤት ከመቶ ዓመት በኋላም ሰው እየጋበዘ ነው።

እናንተ ስልክ ይዛችሁ ይህን የምታነቡ ልጆች፣ ብዙዎቻችሁ ምግብ ቤት የመክፈት ሐሳብ እንዳላችሁ እሰማለሁ። አንዳንዶቻችሁም የምግብ ቪዲዮ ትሠራላችሁ። ከዚህች ሴት ሕይወት ሁለት ነገር ውሰዱ እላለሁ። አንደኛው፣ ዝርዝሩን አታብዙት። አምስት ነገር ሥሩ፤ አምስቱንም ሁልጊዜ እኩል ሥሩ። ፎቶው አንድ ቀን ሰው ያመጣል፤ በሁለተኛው ቀን የሚያመጣው ጣዕሙ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥብኛል። ብዙዎቻችሁ ያደጋችሁበትን ጣዕም የሠራች አንዲት ሴት አለች። እናት ናት፣ አክስት ናት፣ አያት ናት፣ ወይም ከገጠር መጥታ ቤታችሁ የሠራች ልጅ ናት። አሁን በእጃችሁ ያለው ስልክ ይቀርጻል፣ ይጽፋል፣ ያስቀምጣል። በርበሬዋን እንዴት እንደምታዘጋጅ፣ እሳቱን መቼ እንደምትቀንስ፣ ከማን እንደተማረችው ጠይቋት። ከምግቡ በላይ ደግሞ ስሟን ከነአባቷ መዝግቡ። እጅሽ ይባረክ ማለት ጥሩ ነው። ስሟን መጻፍ ግን ከዚያ ይበልጣል፤ ባለሙያ ናትና።